ማነቬላ የመታው እጅ

«እጅሽን የሰበረው መኪናው ነው። ሊያስቆርጥሽ የነበረው ግን ዘመድሽ ነው፤ አንቺም የተማርሽው ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ታስረሽ ተቀምጠሽለታል።»

ይህን ፊት ለፊቴ የተናገረችኝ ሲስተር ውዴ የምትባል የሆስፒታል ነርስ ናት። ቁስሌን እያጠበች ነበር፤ እናቴ ከአልጋው ግርጌ ቆማ ትሰማለች። እኔ ለተናገረኝ ሰው መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ በምላሴ ምክንያት ስንት ጊዜ ወላጅ አምጪ ተብያለሁ። ያን ዕለት ግን ያለችው ሁሉ ልክ ነበር።

ስለዚህ እጽፋለሁ። ለበዓል ብሎ የድሮ የጦር መኪና አስነሥቶ ሕዝብ መሐል የሚያቆም ሰው ቢያነበው ደስ ይለኛል። የተሰበረ ዘመዱን አስሮ «ሰባት ቀን ታገሥ» የሚል ሰውም ያንብበው። እኔ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለቱም እጅ ወድቄአለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በአብዮት በዓል ዝግጅት ነው። የበዓሉ ኮሚቴ በባሕር ዳር ሜዳ ላይ ከጠላት ጊዜ የቀሩ የጦር መኪናዎች ለሕዝብ ይታዩ ብሎ ወሰነ። ከመንገድ ሥራ ግቢ አንድ ብረት ለበስ ተገኘ፤ ጎማው የበሰበሰ መድፍም ከየት እንደሆነ እንጃ መጣ። ዋናው ግን ማክሰኝት አጠገብ በአንድ ገበሬ አጥር ውስጥ ዶሮ ሲያድርበት የኖረው የጦር ካሚዮን ነበር። በትራክተር ተጎትቶ፣ ሐይቁን ዞሮ መጣ። ገበሬው ዶሮዎቼ የት ይደሩ ብሎ ተሟገተ ሲባል ሰምተን ስቀናል።

ካሚዮኑን ያስተካከሉት ጋሽ መኮንን ናቸው። የሐይቁን ጀልባዎች ሞተር የሚጠግኑ፣ ስድስት ልጆች የሚያሳድጉ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። በናፍጣ ሞተር ማንም አይወዳደራቸውም። ይኼ ግን የቤንዚን ነው፤ በዕድሜም ከእሳቸው አይተናነስም። ክረምቱን ሙሉ ከሥሩ ተኝተው ከረሙ። ባትሪ የሚባል ነገር ስላልነበረው የሚነሣው በማነቬላ ነበር፤ ከራዲያተሩ ሥር ገብቶ ሞተሩን በእጅ የሚያዞር የታጠፈ ብረት ማለት ነው። ከበዓሉ አንድ ቀን በፊት ጋሽ መኮንን ራሳቸው አዙረው አስነሡት። ጭሱ ከሞተሩ ይብስ ነበር፤ ቢሆንም ተነሣ።

እኔ ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ነጥብ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ የጽሕፈት መኪና እማር ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ ባሏን ተከትላ ልትሄድ ስለነበር፣ ፈተናውን ካለፍሁ ቦታዋ የእኔ እንደሚሆን ተነግሮኛል። ቤት መቀመጥ እንደ እሾህ ይወጋኛል፤ ያቺን ወንበር እንዴት እንደፈለግኋት እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ እጅ ውስጥ የሚገባ ሙያ አልነበረኝም። አሥር ጣት ነበረኝ፤ በቃ።

በበዓሉ ቀን ከወጣት ማኅበሩ ሦስት ሴቶች ካኪ ለብሰን ካሚዮኑ አጠገብ እንድንቆም ተደረገ። ገመድ አልተወጠረም። ሕዝቡ መጥቶ ጎማውን የሚከልለው ፓራፋንጎ ላይ ይደገፋል፣ ልጁን ሞተሩን የሚከድነው ኮፋኖ ላይ ያስቀምጣል፣ መድፉ አፍ ውስጥ እጁን ይከታል። ሜዳው ወደ ሐይቁ በኩል ትንሽ ያዘነብላል፤ ጎማው ሥር ድንጋይ ያስገባ ሰው የለም። የእጅ ፍሬኑን ዝገት በልቶታል። ይህን ሁሉ አሁን ስጽፈው ግልጽ ነው። ያን ጊዜ ያየሁት ቀለሙን ነው፤ አዲስ አረንጓዴ፣ የሚያብለጨልጭ።

እንግዶቹ ሲደርሱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ታደሰ ወደ ጋሽ መኮንን ጆሮ ጠጋ አለ። ታደሰ ከእኔ አራት ክፍል ቀድሞ የተማረ፣ የሠፈራችን ልጅ ነው። ቆሞ የቀረ ብረት ማንንም አያኮራም፣ እንግዶቹ ፊት ይነሣ፣ ደግሞም ሴት ብታስነሣው ፎቶው ያምራል አለ። ጋሽ መኮንን አንገታቸውን አከኩ። ቆይተው ወደ እኔ ዞሩ።

«ማንጤ፣ ከሦስቱ አንቺ ጉልበት አለሽ። ያዥውና ወደ ታች ግፊው» አሉኝና ካቢናው ውስጥ ገቡ።

ደስ አለኝ፤ ልዋሽ አልችልም። ብረቱን በቀኝ እጄ ጨብጬ፣ አውራ ጣቴን ጠምጥሜ ያዝሁት። አንድ ጊዜ ገፋሁት፤ ምንም። ሁለተኛ ገፋሁት፤ ሳል አለ። በሦስተኛው ሞተሩ ተተኮሰ፤ ብረቱም ወደ ገፋሁት ሳይሆን ተገልብጦ ወደ እኔ መጣ። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ሞተሩ ተነሥቶ ነበርና ሕዝቡ አጨበጨበ። ካሚዮኑ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ተንቀሳቀሰ፤ የማላውቀው ሰው ከኋላ ቀበቶዬን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ፎቶ አንሺውም ያን ጊዜ አነሣን። ፎቶው ላይ ፈገግ ብዬ አለሁ፤ እጄ ግን ከአንጓው በታች ወደ ሌላ በኩል ያያል።

በዚያ ሁሉ ዝግጅት መሐል ለተጎዳ ሰው የተዘጋጀ አንድ ድንኳን፣ አንድ መኪና እንኳን አልነበረም። ከሕዝቡ መሐል አንድ ቁስል የሚያሽግ ድሬሰር ተገኘ። ዳሰስ ዳሰስ አድርጎ ወለምታ ነው፣ ታሽቶ ይመለሳል አለ። አስፕሪን ሰጠኝ። በማግስቱ አባቴ ወደሚሠራበት ፋብሪካ ክሊኒክ ወሰደኝ፤ እዚያም ራጅ የሚያነሣ መሣሪያ የለም፣ ወለምታ ይመስላል አሉን። እጄ ግን እንደ ሊጥ ተነፍቶ ነበር።

አባቴ የወሎ ሰው ነው፤ በሥራ ተዛውሮ መጥቶ ነው ባሕር ዳር የቀረው። ሆስፒታል ትሂድ አለ፤ አንድ ጊዜ ብቻ። እናቴ የዘጌ ልጅ ናት። አጎቷ አያ ዓለሙ በሐይቁ ዙሪያ የታወቁ ወጌሻ ናቸው፤ ከቡና ዛፍ የወደቀ፣ ከታንኳ የተንሸራተተ ሁሉ የሚሄደው ወደ እሳቸው ነው። በቤታችን ሐኪም ቤት የገባ ስብራት ወይ ጠማማ ሆኖ ይወጣል ወይ ይቆረጣል ይባላል። አጎት እያለ ለሌላ ሰው እጅ መስጠት ደግሞ ለእናቴ ዘመድ እንደ መካድ ነው። አባቴ የአጥንት ነገር የወጌሻ ነው ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ሰላም ፈልጎ ነው። እኔስ ምን አልሁ? ምንም። አያ ዓለሙን እወዳቸዋለሁ፤ እጃቸው ሲነካኝ እንኳን ሕመሙ የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር።

በጀልባ መጡ። ለጋ ቅቤ አሙቀው አሹኝ፤ ስበው አጋጠሙት። ያኔ የጮኽሁት ጩኸት ፋሲሎ ሠፈር ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። ከዚያ የተሰነጠቀ ቀርቀሃ ዙሪያውን ደርድረው በውሃ የራሰ የቆዳ ጠፍር ጠመጠሙበት። ጠፍሩ የሚርሰው ሲደርቅ እንዲጠብቅ ነው፤ የእሳቸው ሙያ እሱ ነው፣ ከአባታቸው የወረሱት።

«እስከ ሰባት ቀን እንዳይፈታ» አሉ። «ሲያምሽ ደስ ይበልሽ፤ አጥንቱ እየተጋጠመ ነው።»

በመጡበት ጀልባ ተመለሱ።

ጠፍሩ ደረቀ። እጄም ውስጡ ማበጡን አላቆመም። ማበጥ የሚፈልግ እጅ፣ መጥበቅ የሚፈልግ ቆዳ፤ መሐላቸው ደሜ። ያን ሌሊት ግድግዳውን በጭንቅላቴ መታሁት። ጠዋት ላይ በጥርሴ አንዱን ዙር ትንሽ አላላሁት፤ እናቴ ደረሰችብኝና አለቀሰች። «አንች ልጅ፣ ስንኩል ሆነሽ ልትቀሪብኝ ነው?» አለችኝ። ያላላሁትን ዙር ግን ስላላየችው መልሳ ሳታጠብቀው ቀረች። በኋላ ሐኪሙ ያቺ አንድ ዙር ናት ያተረፈችሽ ብሎኛል።

ጎረቤት እየገባ አጽናናኝ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ካኪ ለብሳ ስትታይ ዓይን ገብቷት ነው የሚል ነበር፤ ጠበል ተረጨሁ። አንዷ ደግሞ ጣቴን አይታ ቅዝቃዜ ነው ብላ ጋቢ ደረበችልኝ። ጣቶቼ መጀመሪያ እንደ እርሳስ ገረጡ። ቀጥሎ ትንሿና ከእሷ ቀጥላ ያለችው እንደ ደረቀ የቡና ፍሬ ጠቆሩ።

አሁን የምለውን ልብ በሉ። በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ተወኝ። ተመስገን ብዬ ተኛሁ። እናቴ ደስ ብሏት አጎቷን መረቀች። ሕመሙ የተወኝ እጄ ስለዳነ አልነበረም፤ እየሞተ ስለነበር ነው። ታስሮ የሚያም እጅ ገና ሕይወት አለው። ታስሮ ዝም ያለ እጅ ነው የሚያስፈራው።

ከእንቅልፌ ስነቃ አንድ ሽታ ሸተተኝ። ከየት እንደሆነ ቤቱን ሁሉ በዓይኔ ፈለግሁ። ከእኔ ነበር። የግራ እጄን ጥፍር ተጫንሁት፤ ነጣ፣ ስለቀው ቀላ። የቀኙን ተጫንሁት፤ ምንም አልተለወጠም። መርፌ አምጥቼ ወጋሁት። ሌላ ሰው የሚወጋ መሰለኝ።

እናቴ ኪዳን ልታደርስ ሄዳ ነበር። ሰባቱ ሳይሞላ ብላ እንደምትይዘኝ አውቃለሁ፤ ስለዚህ አልጠበቅኋትም። ነጠላ ጣል አድርጌ ወጣሁና ጋሪ አስቆምሁ። ባለጋሪው እጄን አየና ፈረሱን ገረፈው። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ተራ ያዙ ሲለን ባለጋሪው ከላይ ሆኖ «አንተ ይችን ልጅ እያት እንጂ!» ብሎ ጮኸበት። እስከ ዛሬ ስሙን አላውቅም።

ካርድ አውጥቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥሁ። ሰው ብዙ ነው። አጠገቤ የነበረች እመጫት ልጇን አቅፋ ቀስ ብላ ወደ ዳር ሄደች፤ አልፈረድሁባትም፣ እኔም ከራሴ መሄድ ብችል ሄጄ ነበር። በቦታዋ አንድ ሽማግሌ ተቀመጡ። ጋሽ ደርሰህ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ ሹፌር፣ በጠላት ጊዜ ከሹፌር ረዳትነት የጀመሩ። እጄን ገና ሳያዩት ፊቴን አዩ፣ ቀጥለው ቀርቀሃውን።

«ምን አገኘሽ?»

«ማነቬላ መታኝ።»

«የበዓሉ ካሚዮን?» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አውራ ጣትሽን ጠምጥመሽዋል።»

«በምን አወቁ?»

የራሳቸውን ቀኝ አውራ ጣት አሳዩኝ፤ ከግማሹ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ነው። «እኔንም መትቶኛል። አውራ ጣት ከአራቱ ጋር አብሮ ይተኛል እንጂ አይጠመጠምም፤ ቢመልስ እጅሽ ተንሸራቶ ይወጣል። ደግሞ ከታች ወደ ላይ ይሳባል እንጂ ወደ ታች አይገፋም። መሪው ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ማን መለሳት?»

የምን ዘንግ አልኋቸው። ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የምታዘገየውና የምታፈጥነው ዘንግ ናት አሉኝ፤ ማነቬላ ከመያዝ በፊት ወደ ማዘግየቱ ካልተመለሰች ሞተሩ ቀድሞ ተኩሶ ብረቱን ይመልሰዋል። የናፍጣ ሞተር ይች ዘንግ የለችውም። ጋሽ መኮንን የጋዝ መስጫ መስላቸው እንደነበር በኋላ ነግረውኛል፤ በዋዜማው የሳቧት ሳያውቁ ወደ ማዘግየቱ ነው፣ በበዓሉ ቀን ደግሞ ቶሎ እንዲነሣ ብለው ወደ ሌላው ገፏት። ይህን የሚያውቅ ሽማግሌ በዚችው ከተማ፣ ከሜዳው አሥር ደቂቃ ርቀት ላይ ይኖር ነበር። የጠየቀው የለም።

ጋሽ ደርሰህ ስማቸው ሲጠራ እኔን በግራ ክንዴ አንሥተው በሳቸው ተራ አስገቡኝ።

ሲስተር ውዴ ገና በሩ ላይ ሳለሁ ጣቶቼን አየችና መቀስ አነሣች። ጠፍሩን አልቻለውም፤ በቢላ ቆረጠችው። ደሜ ወደ እጄ ሲመለስ የተሰማኝን ለማንም አልመኝም። ያን ጊዜ ነው ያለቀስሁት። እሷ ግን «አልቅሺ፣ ያመመሽ በኩል ይተርፋል» አለችኝ።

ሐኪሙ የውጭ አገር ሰው ነው። አማርኛው ሃያ ቃል አይሞላም፤ ሲስተር ውዴ ታስተረጉማለች። አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ እሱ ቀላል ነው፤ ችግሩ ውስጡ ያበጠው ሥጋ መውጫ አጥቶ ደሙን ማነቁ ነው አለ። እብጠቱ እንዲተነፍስ ክንዴን በቁመቱ ቀደዱት፤ ቀዳዳው ለቀናት በክር ሳይሰፋ ክፍት ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ሐኪሙ እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አውጥቶ፣ ከእጄ አንጓ በላይ ዙሪያውን መስመር አሰመረ። ወደ ሲስተሯ ዞሮ ተናገረ። 

«ጥቁሩ ይህን መስመር ካለፈ እጁ ይቆረጣል» አለችኝ። «ካላለፈ ሁለቱ ጣቶችሽ ብቻ ይጎዳሉ። ሁለት ቀን እናያለን።»

ለመቆረጡ ፈቃድ የሚፈረምበት ወረቀት መጣ። አባቴና እናቴም ደረሱ። እናቴ ሳትቆረጥ ዘጌ ገዳም ወስጄ ጠበል ላስጠምቃት አለች፤ ወረቀቱን በዓይኗ እንኳን አልነካችውም። አባቴ እስክሪብቶውን ያዘ፣ አስቀመጠ፣ እንደገና ያዘ። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሆስፒታል ትሂድ ብዬ ነበር ለማለት እንኳን አልደፈረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ እንዳለው ያውቃል። እናቴ ልጄን ቆራርጠህ ልትሰጠኝ ነው ወይ አለችው። እሱም እጇን ነው ወይስ እሷን ነው የምትፈልጊው አላት። በዚያ ክፍል ስምንት በሽተኛ አለ፤ ሁሉም ይሰማል።

«ስጡኝ» አልኋቸው። «ሃያ ዓመት ሆኖኛል።»

በግራ እጄ ፈረምሁ። ፊደሌ የአንደኛ ክፍል ልጅ ፊደል ነው የሚመስለው። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ሁለት ቀን መስመሩን አየሁት። ሲነጋ አያለሁ፣ ምግብ ሲመጣ አያለሁ። መብራት ሲጠፋ አላየውም፤ ስለዚህ በግራ ጣቴ እየዳሰስሁ ቀዝቃዛው የት እንደሚያልቅ እፈልጋለሁ። የጽሕፈት መኪናው ፊደሎች በየቦታቸው ይመጡብኛል፤ በአንድ እጅ የሚጽፍ ሰው ማን ይቀጥራል እላለሁ። እሱን ስጨርስ አንድ እጅ ያለው ሰው ነጠላውን እንዴት ነው የሚያጣፋው እላለሁ። አጠገቤ የተኛች የማክሰኝት ሴት አለች፤ በሬ ወግቷት የገባች። ስገላበጥ ስትሰማ «አለሽ?» ትለኛለች። «አለሁ» እላታለሁ። ሌላ ነገር አናወራም። ሌሊቱን በሱ አሳለፍነው።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ጎንበስ አለ። ጥቁሩ ጣቶቼ ላይ ቆሟል፤ መዳፌ ድረስ አልዘለቀም። «ጥሩ» አለ፤ ከሃያዎቹ ቃላት አንዷ ናት። ሲስተር ውዴ መጀመሪያ የጻፍሁትን ቃል የተናገረችኝ ያን ጊዜ ነው፤ ሲያልፍ ነው ሰው የሚቆጣው።

የትንሿ ጣቴ ሁለት አንጓ፣ የጎረቤቷ አንድ አንጓ ተወሰደ። የተከፈተውን ክንድ ለመሸፈን ከጭኔ ቆዳ ገፈው ለጠፉበት። ከአንድ ወር በላይ ተኛሁ።

አንድ ከሰዓት አያ ዓለሙ መጡ። በጀልባ ተሻግረው፣ በአገልግል ማር ይዘው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ሲስተር ውዴ ማን እንደሆኑ ስታውቅ እንዲወጡ ልትናገር ነበር፤ ይግቡ አልሁ። ልናገራቸው ያዘጋጀሁት ብዙ ነበር። ጠጋ ብለው እጄን አዩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«አርባ ዓመት አስሬአለሁ» አሉ። «የዳነው ሁሉ ጠላ ይዞ፣ በግ ይዞ ይመጣል፤ እሱን አየዋለሁ። ያልዳነው ግን ተመልሶ አይመጣም፣ ልጄ። እኔ ሁሉም የዳነ መስሎኝ ነው የኖርሁት።»

ያዘጋጀሁትን ትቼ ጥፍር መጫኑን አሳየኋቸው፦ ነጥቶ ቶሎ ካልቀላ ጠፍሩ ይፈታ፤ የታሰረው ሰው ጣቱ ከቀዘቀዘ፣ ከደነዘዘ ይፈታ፤ ቀንም አይቆጠርለትም። በእኔ ግራ እጅ ላይ፣ በራሳቸው ላይ፣ በእናቴም ላይ ሞከሩት። እንደ ቆሎ ተማሪ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ጠፍር እንዳያረጥቡ ለመንኋቸው፤ አሰብ አድርገው በሻሽ ይሆናል አሉ። ሲስተር ውዴ ከበሩ አልሄደችም፤ ስትሰማ ቆይታ አንድ ጥቅል ፋሻ አምጥታ ሰጠቻቸው።

ለመዳን የሚሠራው ሥራ ከሕመሙ ይሰለቻል። የቀሩት ጣቶቼ እንደ ወፍ ጥፍር ታጥፈው ደርቀው ነበር። የተጠቀለለ ካልሲ መጭመቅ፣ በሞቀ ውሃ ውስጥ ጨርቅ መጠምዘዝ፣ ምስር ከባቄላ መልቀም። እናቴ ሆን ብላ ደባልቃ ታመጣልኝ ነበር። ስወረውረው ለቅማ መልሳ ትሰጠኛለች። ስለ ወረቀቱ አላወራንም፤ ምስር ለቀምን።

ፋሲካ ሲያልፍ ታደሰ ወደ ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት አስጠራኝ። ጸሐፊዋ ከሄደች ቆይታለች፤ የጽሕፈት መኪናው ሽፋኑን ለብሶ ተቀምጧል። ታደሰ ብድግ ብሎ ወንበር ሳበልኝ። እጄን ማየት ፈልጎ አፈረ። መኪናዎቹ በመጪው በዓልም ሊታዩ ነው፤ የበላይ አካል ግን ስለ አደጋው የተጎጂዋን ቃል በጽሑፍ ጠይቋል አለኝ።

«እኔ ልናገር፣ አንቺ ጻፊው። እንደ ፈተናሽም ይቆጠራል፤ ካለቀ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

ሽፋኑን አነሣሁ፣ ወረቀት አስገባሁ። ታደሰ መስኮቱ ጋ ቆሞ ማስጻፍ ጀመረ፦ «ተጎጂዋ ማንም ሳያዛት፣ በራሷ ፈቃድ፣ ከተከለለው ቦታ አልፋ ገብታ...» እጄን ከፊደሎቹ ላይ አነሣሁ።

«የተከለለ ቦታ አልነበረም» አልሁት።

«አውቃለሁ።»

«ጋሽ መኮንንን ያዘዝሃቸው አንተ ነህ። እኔን እሳቸው።»

«አውቃለሁ አልሁሽ» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሱ ከተጻፈ ሰውየው አሻጥር ሠራ ይባላል። አሻጥር ሠራ የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ። ስድስት ልጅ አለው፣ ማንጤ። አንቺ ግን በራሴ ነው ብትይ ማንም አይነካሽም።»

ይህን የሚለው ለጋሽ መኮንን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ለራሱም ፈርቷል።  ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ክፉ ሰው አይደለም። ጋሽ መኮንንም ሆስፒታል ሦስት ጊዜ መጥተው፣ ሦስቱንም ጊዜ ሳይቀመጡ ቆመው የተመለሱ ሰው ናቸው።

ሌላ ወረቀት አስገባሁ። ታደሰ ከመስኮቱ ሆኖ አጻጻፌን ያያል። በስምንት ጣት ነው የጻፍሁት፤ ቀኙ በኩል ቀርፋፋ ነው፣ ሁለት ፊደል ተሳስቼ መለስሁ። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦

«መኪናውን ያስነሣነው ሁላችንም ሳናውቀው ነው። ክፋት ያሰበ አልነበረም፤ የጠየቀም አልነበረም። እኔ ማነቬላውን የያዝሁት ሳልታዘዝ አይደለም፤ ሲሰጠኝም አያያዙን አላውቅም ማለት ሲገባኝ አላልሁም። በመጪው በዓል መኪናዎቹ ከመታየታቸው በፊት በዚያ ዘመን ይነዱ የነበሩ ሹፌሮች ተፈልገው ይጠየቁ። በከተማችን ያሉ አንድ ጡረታ የወጡ ሹፌር ፈቃደኛ ናቸው፤ እኔ አገናኛለሁ። ሕዝብ ባለበት ሞተር አይነሣ፤ የግድ ከሆነም እሳት የምታዘገየው ዘንግ ወደ ማዘግየቱ ተመልሳ፣ በሚያውቅ ሰው እጅ ብቻ ይነሣ። በሁሉም ጎማ ሥር እንጨት ይግባ። ከመኪናዎቹ አሥር እርምጃ ርቆ ገመድ ይወጠር፤ ሕፃን ላያቸው ላይ አይቀመጥ። ለተጎዳ ሰው ወደ ሆስፒታል የሚሄድ መኪና ከነሹፌሩ ይቁም፤ ወለምታ ነው ብሎ ወደ ቤት የሚሰድ አይኑር። ይህ ካልተደረገ ቆመው ይታዩ፤ ቆመውም ያው ናቸው።»

ስሜን ሙሉውን፣ ማንጠግቦሽ ብዬ፣ ከነአባቴ ስም ጻፍሁ። ወረቀቱን አውጥቼ በቀኝ እጄ ፈረምሁበትና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁለት።

ታደሰ ቆሞ አነበበ። ጣቱን መስመር ለመስመር እያስኬደ፣ ደግሞ ከላይ ጀምሮ አነበበ።

«የማንም ስም የለበትም» አለ።

«የእኔ አለበት።»

ወረቀቱን እንደያዘ ተቀመጠ። የጽሕፈት መኪናውን ሽፋን መልሼ አለበስሁት፣ ስለ ወንበሩ ሳልጠይቀው ነጠላዬን አጣፋሁና በሩን ከፍቼ ወጣሁ።